የሁለቱ ማሳዎች ትል

፩

አትንቀለው። ቆፍረው።

ቲማቲምን ግንዱን ይዘህ ብትጎትተው ይወጣልሃል፤ የሚወጣው ግን ወፍራሙ ሥር ብቻ ነው። ቀጫጭኖቹ ተበጥሰው አፈር ውስጥ ይቀራሉ። እኔ የምፈልጋት ደግሞ ያለችው ቀጫጭኖቹ ላይ ነው። ስለዚህ ዙሪያውን በዶማ አላላና ከነአፈሩ አንሣው፤ ባልዲ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው። አፈሩ በራሱ ጊዜ ይለቅቃል።

ይህን ሁሉ ለኤዳኦ ነግሬዋለሁ። ሰምቶኛልም። ነገር ግን ያን ቀን ከንዴቱ የተነሣ እጁ አልታዘዘው አለና በሁለት እጁ እየነቀለ እግሬ ሥር ይወረውር ጀመር።

«ይኸው! ይኸው! የወንድሜን ስጦታ እይልኝ!»

ሥሮቹ አባብጠዋል። ቋጠሮ በቋጠሮ ሆነዋል፤ ክር ላይ የተሰካ ማሽላ ይመስላሉ። አንዳንዱ ቋጠሮ የዝንጅብል ጉማጅ ያህላል።

ጎንበስ ብዬ ለቀምኳቸው። ላስቲክ ውስጥ ከተትኩና «ማሳ ሀ» ብዬ ጻፍኩበት።

፪

ማንያህልሻል እባላለሁ፤ ገበሬዎቹ በኦሮምኛ «አዴ» ይሉኛል፣ «ወይዘሮ» እንደማለት። በተክል ሥር ውስጥ የሚኖሩ ትሎችን በመልካቸው እለያለሁ፤ እንጀራዬ ይኸው ነው። በምሠራበት የምርምር ጣቢያ ሌላው ሰው ቅጠል ያያል፣ ፍሬ ያያል። እኔ ከመሬት በታች ያለውን አያለሁ። ገበሬ ወደ እኔ የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ውሃ አጠጥቶ፣ ማዳበሪያ ጨምሮ፣ መድኃኒት ረጭቶ፣ ተስሎ ሲያበቃ። እኔ ጋ ሲደርስ ማሳው አብዛኛውን ጊዜ አልቆለታል። የኔ ድርሻ የገዳዩን ስም መንገር ነው።

ታሪኩን በቁጥር ከፋፍዬ የምነግርህ ሌላ አጻጻፍ ስለማላውቅ ነው። እጄ የለመደው ናሙና ላይ ቁጥር መለጠፍ ነው። ነገርን ቁጥር ስትሰጠው የተያዘ ይመስልሃል።

አልተያዘም።

ቢሆንም እንቀጥል።

፫

በሪሶ ታላቅ ነው፣ ኤዳኦ ታናሽ። አባታቸው ሲሞቱ ሐይቁ ዳር ያለውን መሬት ለሁለት ተካፈሉት። በመሐል የውሃ ቦይ ያልፋል። ፓምፑ የጋራቸው ነው፤ የተተከለው ግን በኤዳኦ በኩል ነው፣ ሐይቁ ለእሱ ስለሚቀርብ። ውሃው መጀመሪያ ኤዳኦ ማሳ ይገባል፣ ከዚያ ወደ በሪሶ ያልፋል። በዚህ ተጣልተው አያውቁም ነበር።

እኔ ሳውቃቸው የሚተሳሰቡ ሰዎች ነበሩ። በሪሶ ልጅ አልወለደም። የኤዳኦን ልጆች ስም ያወጣው ግን እሱ ነው፤ ሲያማቸውም ጤና ጣቢያ በጀርባው አዝሎ የሚሮጠው እሱ ነበር።

በዚያ ዓመት በረዶ ወርዶ የኤዳኦን የችግኝ መደብ ደበደበው። አንድም አልተረፈለት። በሪሶ ከአዋሽ ማዶ፣ ከአንድ ችግኝ አፍዪ ችግኝ አምጥቶ ስለነበር ግማሹን ለወንድሙ ሰጠ። ራሱ ተሸክሞ ቦዩን ተሻገረ። አብሮትም ሲተክል ዋለ።

ቲማቲሙ አበባ እስኪይዝ ድረስ ደህና ነበር። ከዚያ ቀትር ቀትር ላይ ይጠወልግ ጀመር። ሲመሽ ይነሣል፤ በማግስቱ ቀትር ላይ እንደገና ይወድቃል። ኋላ ሲመሽም አልነሣ አለ።

የሁለቱም ማሳ ታመመ። የባሰው ግን የኤዳኦ ነበር። በሽታው የመጣው ከችግኙ ጋር ነው ብሎ ወንድሙን በሰው ፊት ሰደበው፤ ነገሩ ሽማግሌዎች ዘንድ ደረሰ።

፬

በሪሶ የማሳውን ናሙና ራሱ ይዞልኝ መጣ። ሚስቱ ዳሚቱ አብራው ነበረች። ቆፍሮ ነው ያወጣው፤ ሥሩ ከነአፈሩ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሏል። ቁመቱ ረጅም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። በሩ ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ሲል ከለከልኩት።

«አዴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ጠይቀኝ፣ ኦቦ በሪሶ።»

«ትሉ ችግኙ ውስጥ ነበረ? ሳመጣው ማለቴ ነው፤ ያኔውኑ ውስጡ ነበረ?»

«ችግኙን ያኔ አይቼው ቢሆን እነግርህ ነበር። አሁን ግን ሥሩ አፈሩን ነክቷል፣ አፈሩም ሥሩን። ማን ለማን እንደሰጠ አይለይም።»

ዳሚቱ ጣልቃ ገባች። «ሽማግሌዎቹ ዘንድ የተቆረጠው ሌላ ነው። የሁለቱ ማሳ ትል አንድ ዓይነት ከሆነ ያመጣው በሪሶ ነው ተብሏል። የተለያየ ከሆነ ደግሞ ኤዳኦ ስለ ስድቡ ይቅርታ ይጠይቃል።»

«ማነው እንዲህ ብሎ የቆረጠው?»

«ኤዳኦ ጠየቀ። እሱም» አለች ባሏን በአገጯ እየጠቆመች «እሺ አለ።»

«ምን ነክቶህ እሺ አልክ፣ ኦቦ በሪሶ?»

በሪሶ ጥያቄዬ ግራ ያጋባው መሰለ።

«እውነቱ ነው የሚወጣው ብዬ ነዋ» አለኝ።

ጆንያውን ተቀብዬ «ማሳ ለ» ብዬ ጻፍኩ።

፭

በማይክሮስኮፑ ሥር

እጠበው። ከቋጠሮዎቹ አንዱን ምረጥና በመርፌ ጫፍ ፈልቅቀው፤ ቀስ ብለህ። ውስጡ ነጭ ነጥብ ታያለህ። ከጤፍ ፍሬ አትበልጥም። ቅል ትመስላለች፤ ክብ ሆድ፣ ቀጭን አንገት።

ሴቷ ናት።

ስትፈለፈል እንደ ክር ቀጭን ነበረች፤ አፈር ውስጥ ባለው እርጥበት ትዋኝ ነበር። አፏ ውስጥ መርፌ አላት፤ ሥሩን የምትወጋው በሱ ነው። አፈር ውስጥ መርፌ የሌላት ትል ካገኘህ ተዋት፤ እሷ ብስባሽ የምትበላ ናት፣ ማንንም አልነካችም። ይቺ ግን አንዴ ሥር ውስጥ ገብታ ቦታዋን ከያዘች በኋላ ንቅንቅ አትልም። በተቀመጠችበት ትጠባለች፣ በተቀመጠችበት ታብጣለች፣ በተቀመጠችበት እንቁላሏን ትጥላለች። ሥሩ ሲሞት አብራ ትሞታለች። ሥሩን የምትገድለው ራሷ ናት።

አሁን ምላጩን አንሣ። ፊቷን ተወው፤ ፊቷ ብዙ አይናገርም። የምትፈልገው መቀመጫዋ ላይ ያለውን ቆዳ ነው። ቁረጠው፣ ውስጡን አጽዳው፣ ግሊሰሪን ጠብታ ላይ አስቀምጠህ በስስ መስታወት ክደነው።

እይ።

ከዚያ የራስህን አውራ ጣት አንሥተህ እይ። ልክ እንደሱ ነው፤ መስመር በመስመር የተጠማዘዘ አሻራ። ዓይነቷን የምንለየው በሱ ነው።

፮

በማይክሮስኮፑ ሥር የሚታይ

የመስመሮቹ ቅስት ከፍ ብሎ አናቱ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ አንደኛዋ ናት።

በሁለቱም ጎን ቅስቱን የሚቆርጥ ጥርት ያለ መስመር ካለ፣ ሌላይቱ።

ቅስቱ ዝቅ ያለ፣ ትከሻው የጎበጠ ከሆነ፣ ሌላይቱ።

ጅራቷ አጠገብ ጠቃጠቆ ካለ ደጋ የምትወደዋ ናት፤ እዚህ ሐይቅ ዳር አትጠብቃት።

በማይክሮስኮፑ ሥር የማይታይ

ከየት እንደመጣች።

በማን እግር፣ በማን ዶማ፣ በየትኛው ጎርፍ።

ማን ለማን እንደሰጣት።

እያወቀ ነው ወይስ ሳያውቅ።

፯

ከማሳ ሀ ብዙ ሴቶች ቆረጥኩ። ከማሳ ለም እንዲሁ። አንገቴ እስኪደርቅ አየሁ። የተለያዩ ቢሆኑ ብዬ ተመኝቼ እንደነበር አልደብቅህም፤ በሪሶ «እውነቱ ነው የሚወጣው» ያለው ከጆሮዬ አልጠፋ ብሎኝ። የጎን መስመር ፈለግሁ። ጠቃጠቆም ሳይቀር ፈለግሁ።

ከፍ ያለ ቅስት፣ ጠፍጣፋ አናት። በሀ። በለ።

ኢንኮግኒታ ትባላለች። በላቲን «ያልታወቀች» ማለት ነው። በዓለም ላይ ከሷ ይበልጥ የታወቀች የሥር ትል የለችም፤ ስሟ ግን እንዲያ ሆኖ ቀረ።

ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው ይስቃሉ። ያን ቀን አላሳቀኝም።

፰

ሽምግልናው የተቀመጠው በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን በረንዳ ላይ ነው። ሰብሳቢው ኦቦ ነገዎ ናቸው፤ አካባቢው የሚያከብራቸው፣ ክፋት የሌለባቸው ሽማግሌ። የተባለውን እንደሰማሁት አሰፍረዋለሁ።

ነገዎ፦ አዴ ማንያህልሻል፣ የሁለቱንም ማሳ አይተሻል?

እኔ፦ አይቻለሁ፣ አባቴ።

ነገዎ፦ አንድ ነው ወይስ ሁለት?

እኔ፦ እሱን ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር ላስረዳ።

ነገዎ፦ ታስረጂናለሽ። መጀመሪያ የተጠየቅሽውን መልሺልን።

እኔ፦ ዓይነቱ አንድ ነው። ነገር ግን ይቺ ትል እኮ በዚህ ሐይቅ ዙሪያ በስንቱ ማሳ…

ኤዳኦ፦ (ተነሥቶ) ሰማችሁ? አንድ ነው!

እኔ፦ አልጨረስኩም!

ነገዎ፦ ኤዳኦ፣ ቁጭ በል። አዴ፣ አንድ ነው ነው ያልሽው?

እኔ፦ ዓይነቱ። ዓይነቱ ብቻ። አንድ ዓይነት መሆን ካንድ ቦታ መምጣት አይደለም።

አንድ ሽማግሌ፦ ታዲያ ምን ሊሆን ነው? አንድ አይደለም እንዴ?

በሪሶ፦ ትጨርስ። እባካችሁ ትጨርስ።

እኔ፦ የመቂ ዶሮም ዶሮ ነው፣ የሐዋሳም ዶሮ ዶሮ ነው! ያኛው ይኼኛውን ፈለፈለው ማለት ነው?

(ሳቅ።)

አንድ ሰው፦ አሁን ደግሞ ስለ ዶሮ ሆነ!

(ሳቅ።)

ነገዎ፦ በቃ፣ በቃ። አመስግነናል፣ አዴ። የድካምሽን ይስጥሽ። የተጠየቀችውን መልሳለች፤ አንድ ነው ብላለች።

፱

አንድ።

፲

ሽማግሌዎቹ የፈረዱት ከባድ ነገር አልነበረም። እነሱ እንዲያውም የራሩ መስሏቸዋል። በሪሶ እርጥብ ሣር ይዞ በወንድሙ ፊት እንዲቆም፣ «ሳላውቅ ጎዳሁህ፣ ይቅር በለኝ» እንዲል ብቻ ነው።

«ቀላል ነገር ነው፣ ልጄ» አሉት ኦቦ ነገዎ። «ቃሏን በልና እንሂድ።»

በሪሶ ሣሩን ተቀበለ። ብዙ አየው። ከዚያ መልሶ በረንዳው ጠርዝ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠው።

«ሳላውቅ የሚለውን እላለሁ» አለ። «ጎዳሁህ የሚለውን ግን እንዴት ብዬ? የሰጠሁት ከምተክለው ላይ ቆርሼ ነው። ያን ችግኝ እኔም እኮ ተክዬዋለሁ።»

«ስለዚህ ይቅርታ አልጠይቅም ነው የምትለው?» አሉት።

«ያደረግሁት ነገር ቢኖር ከማንም በፊት ራሴ እጠይቀው ነበር።»

ኤዳኦ አፈር ከልብሱ ላይ አራገፈና ማንንም ሳይሰናበት ሄደ።

በማግስቱ ቦዩ ተዘጋ።

፲፩

ኤዳኦን ላናግረው ሄድኩ። ቦዩ አፍ ላይ አፈር የሞላ ማዳበሪያ ከረጢት ደርድሮበታል። በማዶ የበሪሶ መሬት መሰነጣጠቅ ጀምሯል። ቲማቲሙስ አልቆለት ነበር፤ ሽንኩርቱ ግን ገና ለጋ ነበር፣ ይድን ነበር።

«ኤዳኦ፣ ሽንኩርቱ ምን አጠፋ?»

«አንቺ ነሽ አንድ ነው ያልሽው።»

«ዓይነቱ ነው ያልኩት። ወንድምህ ነው ያመጣው አላልኩም።»

«አዴ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ በቃል ትጫወቻለሽ። እኔ ይኼን አውቃለሁ፤ አባቴ የሰጠኝ መሬት ንጹሕ ነበር። እድሜ ልኬን እዚህ አርሻለሁ። እንዲህ ዓይነት ሥር አይቼ አላውቅም።»

«ነቅለህ አይተህ ታውቃለህ?»

አንዱን ከረጢት በእግሩ አስተካከለ።

«ደህና የሆነን ተክል ማን ይነቅላል?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ማንም አይነቅልም። ትሏ ጥቂት ስትሆን ተክሉ ትንሽ ይቀጭጫል፣ ገበሬው ዝናብ አነሰ ይላል። ሌላ ዓመት ሙቀቱ ነው ይላል። እሷ እየበዛች፣ እሱ እያመካኘ ይኖራሉ።*

«ውሃውን ልቀቅለት» አልኩት። «ሽምግልናው ሌላ፣ ውሃ ሌላ።»

«ይቅርታ ይበለኝ፣ ዛሬውኑ እለቅለታለሁ። እኔ እኮ መሬቱን አልፈለግሁበትም፣ ካሳም አልጠየቅሁትም። አንዲት ቃል ነው።»

ድምፁ ተሰበረ። ያኔ ገባኝ፤ ኤዳኦ ወንድሙን የሚጠላ ሰው አልነበረም። ያቺን ቃል ሰምቶ ወደ ወንድሙ መመለስ የፈለገ ሰው ነበር። መመለሻው የተዘጋው ደግሞ በዚያችው በአንዲቷ ቃል ነው።

* ሊደረግ ይችል የነበረውን እዚህ ግርጌ ላይ ላስቀምጠው፤ ማንም ስላልጠየቀኝ ከጽሑፉ ውስጥ ቦታ የለውም። ሁለቱም ቲማቲሙን ትተው ትሏ የማትወደውን ይዝሩ ነበር። መሬቱን በበጋ ገልብጠው፣ በላስቲክ ሸፍነው ፀሐይ ያስመቱት ነበር። በአንድ ዓመት አትጠፋም። ግን ትቀንስ ነበር። ከሷ ጋር መኖር ይቻል ነበር። ሰው ሁሉ የጠየቀኝ ማን እንዳመጣት ብቻ ነው፤ ምን እናድርጋት ያለኝ የለም።

፲፪

በሪሶና ዳሚቱን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው መናኸሪያው አጠገብ ነው። አይሱዙ ላይ ዕቃ እየጫኑ ነበር፤ ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ ሁለት በርጩማ። ወደ ቆላ፣ ጥጥ ልማት ለቀን ሥራ መሄዳቸው ነው።

«መሬቱስ?» አልኩት።

«ውሃ የሌለው መሬት ምን ይሆናል?»

«ፍርድ ቤት ብትሄድ እኮ ቦዩን ያስከፍቱልሃል። ውሃው የጋራችሁ ነው።»

«ወንድሜን ልክሰሰው?» አለ። የተቆጣ አይመስልም፤ በሕልሙ እንኳ አስቦት የማያውቀውን ነገር የነገርኩት ነው የመሰለው።

ሹፌሩ ጡሩንባ ነፋ። በሪሶ ወደ ላይ ወጣና ለሚስቱ እጁን ዘረጋላት። ዳሚቱ ከመውጣቷ በፊት ወደ እኔ ዞረች።

«የዶሮውን ነገር እኔ ገብቶኛል» አለችኝ። «ያኔ ሁሉም ሲስቅ እኔ አልሳቅሁም።»

አቀፈችኝና ሄደች።

እኔ ወንድም የለኝም። ቢኖረኝ ኖሮ የሆነውን ሁሉ ይበልጥ እረዳው ነበር ብዬ አስብ ነበር። አሁን አላስብም።

፲፫

የቆላው ወባ በሪሶን ገደለው።

ነገሩ ይኸው ነው። ሌላ ነገር ልጽፍበት ብዙ ጊዜ ሞክሬ ሰርዤዋለሁ። ትኩሳት ያዘው፤ ያልፋል ብሎ ሥራ ወጣ፤ ሲብስበት ወደ ሕክምና የሚወስድ መኪና አልተገኘም፤ ሞተ። ሙቀቱ ሬሳ ስለማያሳድር የቀበሩት እዚያው ነው፣ ሰው በማያውቀው ሜዳ።

ስልክ ለኤዳኦ ሲደርሰው ማሳ ውስጥ ነበር አሉ። ስልኩን ሰምቶ ሲያበቃ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ወደ ቦዩ ሮጦ ከረጢቶቹን መጣል ነው። በእጁ አንድ በአንድ እያነሣ ወረወራቸው። ውሃው በደረቀው መሬት ላይ ፈሰሰ። ከዚያ በለበሰው ልብስ መኪና ተሳፈረ።

ሲደርስ ተቀብሯል። ዳሚቱ መቃብሩን አሳየችው። አብራው እንድትመለስ ለመናት።

«አልመለስም» አለችው። «እዚህ አብሬው እሆናለሁ።»

ይህን የነገረኝ ራሱ ነው። የነገረኝን ቀን ደግሞ ቀጥዬ እነግርሃለሁ።

፲፬

ጠዋት ቢሮ ስገባ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከስቷል። ጢሙ አድጓል። እግሩ ሥር የታሰረ ጆንያ አለ።

«ቆፍሬ ነው ያመጣሁት» አለኝ። «አልነቀልኩም።»

አስገባሁት። ወንበር ሰጠሁት፤ አልተቀመጠም። ስለ ቀብሩና ስለ ዳሚቱ ያልኩህን ሁሉ ቆሞ ነገረኝ። ከዚያ ጆንያውን ፈታው።

ሥር ነው። የቲማቲም ግን አይደለም፤ የዛፍ ሥር ነው፣ ክንድ የሚያህል፣ ዙሪያው ቀጫጭን ሥሮች የተንጠለጠሉበት።

«የምንድነው?»

«የዘይቱን። ማሳዬ ዳር ያለችው። አባቴ ነው የተከላት፣ እኔ ገና ጥርሴ ሳይነቀል። ዘንድሮ ደረቀች። ቅጠሏ ሁሉ ረገፈ።» ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «የአባታችንንም ዛፍ ጨረሰው፣ አዴ። ያመጣው ነገር ተሻግሮ ዛፏንም በላት። እይልኝ። የሱ ትል መሆኑን እይልኝ።»

፲፭

በማይክሮስኮፑ ሥር

ቀጭኑን ሥር አጠብኩ። ቋጠሮ ነበረው። ሴቷን አወጣሁ፣ ቆረጥኩ፣ ከደንኩ።

ከፍ ያለ ቅስት። ጠፍጣፋ አናት።

ይህ ብቻውን ምንም አይደለም። አንድ ዓይነት መሆን ምንም አያረጋግጥም፤ ይህን ስል ነው የሳቁብኝ፣ ዛሬም ያንኑ እላለሁ።

ከዚያ ወፍራሙን ሥር በመጋዝ ቆረጥኩት።

ይህን ለማየት ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። ውስጡ እንጨት ሆኗል። እንጨቱ ውስጥ ደግሞ ቋጠሮዎች አሉ፤ አሮጌ፣ የደረቁ፣ የጠቆሩ፣ ዛፏ እያደገች በላያቸው ላይ የተጠቀለለችባቸው። አንዱን ቅርፊት ሸፍኖት፣ ሌላውን እንጨት ውጦት። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ክረምት አይሆንም። በሁለትም አይሆንም። በሪሶ ችግኙን ተሸክሞ ቦዩን ከመሻገሩ ከብዙ ዓመት በፊት ትሏ እዚህ ሥር ውስጥ ነበረች፤ በኤዳኦ መሬት ላይ፣ አባታቸው በተከሉት ዛፍ። ከዚያ ውሃው በቦዩ እያለፈ አፈሩን ወደ በሪሶ ማሳ ሲያሻግር ኖሯል።

አባትየው ከዛፉ ጋር አምጥተዋት ይሁን፣ የሐይቁ ጎርፍ ጥሏት ሄዶ ይሁን አላውቅም። ይህን ማንም አያውቅም።

ያመጣት በሪሶ እንዳልሆነ ግን አወቅሁ።

በእጄ የያዝኩት እንጨት ነው። እንጨት ደግሞ ተከራካሪ የለውም፣ ማንም አይስቅበትም።

፲፮

ከወንበሬ አልተነሣሁም። ጀርባዬን እንደሰጠሁት ነኝ። ሲተነፍስ ይሰማኛል።

«አየሽው?»

«እያየሁ ነው።»

«ያው እሱ ነው፣ አይደል? ያ አንድ ነው ያልሽው?»

«ዓይነቱ… አዎ። ዓይነቱ ያው ነው።»

ከሆዱ የወጣ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። አሁን ተቀመጠ። ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ።

«አውቄው ነበር» አለ። «መንገዱን ሁሉ ይኼን ነው ሳስብ የመጣሁት። ልንገርሽ፣ አዴ፤ እንቅልፍ የለኝም። ምግብ አፌ ውስጥ አፈር ይሆንብኛል። ልጆቼ አጎታችን የት አለ ይሉኛል። እኔ አንድ ነገር ይዤ ነው ቆሜ የምሄደው፤ እሱ በደለኝ፣ እኔ ተቆጣሁ፣ ሰው ወንድሙን ይቆጣል፤ ቀን ጨለመበትና ሞተ። ይኼን ይዤ መኖር እችላለሁ። ከባድ ነው፣ ግን እችላለሁ።»

መጋዙን ከእጄ አስቀመጥኩ።

«እሱ ካልሆነ ግን…» አለ። አልጨረሰውም። እንደገና ጀመረው። «እሱ ካልሆነ ግን እንዴት አድርጌ ቤቴ እገባለሁ?»

የተቆረጠው ሥር ጠረጴዛው ላይ ነው። ፊቱ ወደ እኔ ነው፣ ቋጠሮዎቹ ይታያሉ። እሱ ካለበት አይታዩም። አንድ እርምጃ ቢጠጋ ይታያሉ።

«አዴ» አለኝ። «ዞረሽ እይኝ እንጂ። እሱ ነው ያመጣው፣ አይደለም?»

ዞርኩ።

፲፯

«ኤዳኦ» አልኩት።